የቅዳሜው መርፌ

የሺዋስ እግሩ ሳይቆረጥ በፊት በሁለት ነገር ይታወቅ ነበር፤ በእግሩና በምላሱ። እግሩ ከሸለቆው ማዶ ካለው ቀዬው ግማሽ ኩንታል ጤፍ ተሸክሞ፣ አንድ ሰዓት የሚፈጀውን ዳገት አንዴም ሳያርፍ ወጥቶ ቀጨሞ ገበያ ያደርሰዋል። ምላሱ ደግሞ ገበያ ከደረሰ ጀምሮ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አያርፍም። ቀጨሞ ከይጁቤ ወዲያ ያለች፣ አንድ የጠጠር መንገድ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ጤና ጣቢያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ቅዳሜ ያላት ትንሽ ከተማ ናት። ሰው እህሉን የሚሸጠው ቅዳሜ ነው፤ የሚታረቀው ቅዳሜ ነው፤ የሚካሰሰው፣ ልጁን የሚያጨው፣ መርዶ የሚሰማው ቅዳሜ ነው። የሚታከመውም ቅዳሜ ነው። ዓርብ የታመመ ሰው እድለኛ ይባላል፤ እሑድ የታመመ ግን ስድስት ቀን ሙሉ በሽታውን አቅፎ ገበያውን ይጠብቃል።

የሺዋስ አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። ያለውን ሲጠይቁት ሁለት በሬ፣ አንድ ፈረስ፣ አንዲት ሚስትና ሦስት ልጆች ብሎ ነው የሚቆጥረው። ቅደም ተከተሉ የራሱ ነው፤ ሚስቱ ማንጠግቦሽም ለምዳዋለች። የቀረው ሀብቱ ምላሱ ነው። በአካባቢው እሱ ቅጽል ስም ያላወጣለት ሰው ቢኖር ገና ያልተወለደ ብቻ ነው። በልጅነቱ አንድ እግሩ የሰለለውን ጎረቤቱን ዓለምነውን «ሁለት ተኩል» ያለው እሱ ነው፤ «እግሩ አንድ ተኩል፣ ዱላው አንድ፣ እስቲ ደምሩት!» እያለ ገበያውን ያስቃል። ዓለምነው ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህ ስም ተጠራ። ልጁን ሲድር እንኳ እድምተኛው «የሁለት ተኩል ሰርግ» እያለ ነው በልቶ ጠጥቶ የሄደው።

ጤና ጣቢያ ተመድባ የመጣችውን ነርስ እስከዳርንም በመጣች በሦስተኛው ቅዳሜ ሰየማት። እስከዳር የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት፤ ሃያ ሰባት ዓመቷ፣ ቀጠን ያለች፣ ስትናገር ሰው ዓይን ዓይኑን የምታይ። አንድ ጥፋት አለባት፤ መድኃኒት ያለ ነገሩ አትሰጥም። ጉንፋን ይዞኛል ያላትን «ብዙ ውሃ ይጠጡ፣ በሳምንቱ በራሱ ይለቅዎታል» ትላለች። ልጄን ተቅማጥ ያዘው ላለቻት እናት ውሃ አፍልታ እንዴት አድርጋ በትንሽ በትንሹ እንደምታጠጣው ታሳያታለች። ቁስል ይዞ የመጣውን ቁጭ አድርጋ በውሃ ታጥባለች። እንግዲህ ዳገቱን ሁሉ ወጥቶ፣ ግማሽ ቀን ወንበር ላይ ተሰልፎ፣ መርፌ ሳይወጋ የተመለሰ ሰው ንዴቱን አስቡት! «ሲስተር ውሃ» አላት የሺዋስ። በዚያው ቀረ።

መርፌ የፈለገ ደግሞ የት እንደሚሄድ ያውቃል። ከእህል ተራው ጀርባ፣ በሩ ሰማያዊ የተቀባው ክሊኒክ የዶክተር ውበቱ ነው። ውበቱ ዶክተር አይደለም፤ በጤና ረዳትነት ሠላሳ ዓመት አገልግሎ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ዶክተርነቱን የሰጠው ገበያው ነው፤ ገበያ የሰጠውን ማዕረግ ደግሞ የሚነጥቅ መሥሪያ ቤት የለም። ስድሳ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ሽበቱ የተበጠረ፣ እጁ ለስላሳ፣ ሰውን በስሙ፣ የሰውን በሬ በቀለሙ የሚያውቅ፣ ለቅሶ ላይ ከሁሉ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ባዶ እጁን የሚመልሰው በሽተኛ የለም። የሳለውንም፣ ወገቡን የያዘውንም፣ ሆዱን የቆረጠውንም፣ «ብቻ እንዲሁ ደከመኝ» ያለውንም በአንድ መድኃኒት ይወጋል፤ ሴፍትሪያክሶን በሚባለው፣ ገበያው ግን «ጠንካራው» በሚለው መርፌ።

የውበቱ ጥበብ ደግሞ እዚህ ላይ ነው። ይህ መድኃኒት በደንቡ በየቀኑ፣ ለምሳሌ ለሰባት ቀን የሚወጋ ነው። ገበሬ ግን በየቀኑ ሥራ ፈቶ ዳገት አይወጣም። ስለዚህ ውበቱ በየቀኑ የነበረውን በየቅዳሜው አደረገው፤ ሰባት ቀን የነበረው ሰባት ቅዳሜ ሆነ። ባልና ሚስት ተያይዘው ከመጡ ደግሞ አንዷን ብልቃጥ እኩል ያካፍላቸዋል። «በአንድ ማዕድ የሚበሉ ሰዎች በአንድ ብልቃጥ ቢወጉ ምን አለበት?» ይላል፤ ይሳቃል፤ ሱሪ ይፈታል፤ ቀሚስ ይገለባል። መርፌው ሲገባ እስከ እግር ጣት ያማል። የሚያም መድኃኒት የሚሠራ መድኃኒት ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ እያነከሱ የሚወጡት በሽተኞች ውጪ ለተሰለፉት ማስታወቂያ ናቸው።

ታዲያ ግንቦት ገባ፤ የእርሻው ወራት ጦፈ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት የሺዋስ ድንጋያማውን ማሳ ሲያርስ ማረሻው ድንጋይ ነክሶ ተስፈነጠረና የቀኝ እግሩን ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብሎ ወጋው። ጉድጓዱ ጠባብ ነው፤ ጥልቅ ነው። ደሙን በቅጠል አድርቆ፣ በጨርቅ አስሮ፣ የቀረችውን ትልም ጨረሰ። ረቡዕ አረሰ፤ ሐሙስ አረሰ፤ ዓርብ አበጠ። ቅዳሜ በፈረስ ገበያ ወጣና ተወጋ።

«ምን አገኘህ አንተ? በሬህ ወጋህ?» አለው ውበቱ፣ ብልቃጡን እያናወጠ።

«ማረሻው ነው ዶክተር። ደመወዝ ሳልከፍለው ሰንብቼ!»

«ጎበዝ ነህ፤ የሚቀልድ ሰው አይሞትም። ዞር በል።»

በሁለተኛው ቅዳሜ ቁስሉ ላዩ ደረቀ፤ ውስጡ ግን እንደ ልብ ይመታ ጀመር። በሦስተኛው ቅዳሜ ከተወጋ በኋላ ማንጠግቦሽ የፈረሱን ልጓም ይዛ ወደ ገበያው ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያው አቅጣጫ ጎተተችው። የአንድ ቤት ሰዎች ናቸውና ጨርቁን ስትፈታ የሚሸተውን የምታውቀው እሷ ናት።

«ዛሬ ካላሳየህ ከዚህ ፈረስ አትወርድም» አለችው።

«ውሃ ልታስጠጪኝ ነው?»

«መርዝም ቢሆን ትጠጣለህ።»

እስከዳር ጨርቁን ፈታች፤ ቅርፊቱን በመቀስ ጫፍ አነሳችው። ከሥሩ መግል ወጣ፤ አበቃ ሲሉት አላበቃም፤ ወለሉ ላይ እስኪንጠባጠብ ወጣ። ወንበር ላይ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ወደኋላ ሸሹ፤ ግን ማየታቸውን አልተዉም።

«አያ የሺዋስ፣ ላዩ ነው የደረቀው፤ ውስጡ ታምሟል። ወደ አጥንቱም ገብቶ ይሆናል ብዬ እፈራለሁ። አጥብልዎታለሁ።»

«ይኸው! አላልኳችሁም? ውሃ!» አለ የሺዋስ ወደ ወንበሩ ዞሮ። ሰው ሳቀ።

እስከዳር ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀችና «ስንት መርፌ ተወጉ?» አለችው።

«ሦስት።»

«በስንት ቀን?»

«በሦስት ቅዳሜ ነዋ! በስንት ይሆናል?»

ጓንት ያጠለቀው እጇ ቆመ። «መርፌው ሰውነት ውስጥ የሚቆየው አንድ ቀን ነው። ቅዳሜ ይወጋሉ፤ እሑድ ያልቃል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጀርሙ ብቻውን ይጫወትብዎታል። ሳይሞት የተረፈው ደግሞ መድኃኒቱን ይለምደዋል።»

«ጀርም እንዴት አድርጎ ነው የሚለምደው? ትምህርት ቤት ገብቶ ነው?»

«እርስዎ አረቄውን እንዴት ለመዱት?»

ያን ጊዜ ወንበሩ በሙሉ ፈረሰ! አንዲት አሮጊት ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ማንጠግቦሽ ራሷ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። የሺዋስ በዕድሜው ሁሉ ሰው ሲስቅ ምክንያቱ እሱ ነበር እንጂ ዒላማው እሱ ሆኖ አያውቅም። ፊቱ ጠቆረ። እስከዳር ቁስሉን አጥባ፣ የአሥራ አራት ቀን እንክብል በላስቲክ አድርጋ ሰጠችው፤ በየስድስት ሰዓቱ፣ በቀን አራት ጊዜ፣ አንድም ሳያስቀር እንዲውጥ፣ ለማጠብም በየሁለት ቀኑ እንዲመለስ ነገረችው። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሄዶ አጥንቱን በራጅ እንዲያስነሣም የሪፈር ወረቀት ጻፈችለት። «ይሄን እግር ልናተርፈው እንችላለን» አለችው፤ «ግን አሁን ነው።» የሺዋስ ወረቀቱን አጥፎ ኮፍያው ውስጥ ከተተና ወጣ።

ማርቆስ? በእርሻ ወራት? ያልታረሰ መሬት አስቀምጦ በሆስፒታል አጥር ሥር የሚተኛው ማን ነው! እንክብሉን ግን ለሁለት ቀን ዋጠ። በሦስተኛው ቀን «በቀን አራቴ የምቀለብ ፍሪዳ ነኝ እንዴ?» አለና ተወው። ማንጠግቦሽ ጥርሷን ሲያማት አራቱን ወሰደች። የቀረውን ደግሞ የሺዋስ አንድ በአንድ እየፈለቀቀ፣ ነጩን ዱቄት ቀንበር የላጠው የበሬው ጫንቃ ላይ ነሰነሰው። ምን ይደረጋል፣ የበሬው ጫንቃ ደረቀ! በሬው ቀንበሩን ተሸክሞ ቀጥ ብሎ ያርስ ጀመር። የሺዋስም ከኋላው፣ እግሩን እየጎተተ፣ ጥርሱን በሕመም ነክሶ፣ «የሲስተር ውሃ መድኃኒት ለከብት ነው የሚሆነው» የምትል አዲስ ቀልድ ይዞ ለአራተኛው ቅዳሜ ተዘጋጀ። ቀልዷ ገበያውን ዞረች። እሱም ተወጋ።

በአምስተኛው ቅዳሜ የእግሩ ሁለት ጣቶች መልካቸውን ለወጡ። «መድኃኒቱ ክፉውን ደም ወደ ታች እያወረደው ነው፤ ጥሩ ምልክት ነው» አለው ውበቱ። ክፋት ኖሮት አይደለም፤ ሰው ተስፋ ሲቆርጥ ማየት አይወድም። የሺዋስም አመነው። በጣም አመነው። እግሩን እስከ ጉልበቱ የሚሞቀውን ሙቀት እንኳ መድኃኒቱ ሥራ ላይ ነው ብሎ ተረጎመው።

በስድስተኛው ቅዳሜ እስከዳር ያደረገችው ነገር በቀጨሞ ታሪክ ተሰምቶ አያውቅም። ቀኑን ስትጠብቀው ሰንብታ፣ የሺዋስ እንደማይመጣ ሲገባት፣ ጋዎኗን እንደለበሰች ገበያውን አቋርጣ ሰማያዊው በር ላይ ቆመች። ግቢው ሙሉ ነው። የሺዋስ አግዳሚው ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ያለው ቦታ ከሽታው የተነሣ ክፍት ነው።

«ጋሼ ውበቱ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት መጥቼ ነው።»

«ግቢ ልጄ፣ ምን ውጪ ያቆምሻል? ጉንፋን ያዘሽ?» ሰው ሳቀ።

«አያ የሺዋስን ዛሬውኑ ማርቆስ ይላኩልኝ። እኔ ብለው አልሰማ አለ፤ እርስዎ ካሉት ይሄዳል።»

ውበቱ መርፌውን ወደ ብርሃን ቀና አድርጎ አየሩን አስወጣ። «አንቺ ሳትወለጂ እኔ እወጋ ነበር። እንዴት ያለ ቁስል ደርቆልኛል መሰለሽ! ለመሆኑ በጤና ጣቢያችሁ መድኃኒት አለቀ ወይስ ውሃ?»

«መርፌው አይሠራለትም ጋሼ። አምስት ጊዜ ወጉት፤ ይዩት እግሩን!»

«እያየሁት ነው። በሱ እግር ላይ አንቺ ምን አገባሽ?»

ያን ጊዜ የእስከዳር ትዕግሥት አለቀ። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ይሄ እግር ይቆረጣል! ሰማችሁ? ዛሬ ካልሄደ ይቆረጣል!» ብላ ጮኸች።

አንዲት ሴት አማተበች። ሌላዋ «አፍሽን ይሰብረው!» አለች። ከጥግ አንድ ሽማግሌ «በሰው አካል ላይ እንዲህ ይሟረታል?» አሉ፤ ሟርት የሚለው ቃል ከአግዳሚ ወደ አግዳሚ እየተቀባበለ በሩ ድረስ ደረሰ። በቀጨሞ ቁስልን ቁስል ማለት ይቻላል፤ ገና ያልደረሰን ክፉ ነገር በአፍ መጥራት ግን ማምጣት ነው። የሺዋስ ቀለም ከፊቱ ተነነ፤ ግን ሰው እያየው ነው። «ሂጂ ሲስተር፣ የራስሽን እግር ጠብቂ» አለ፤ ሰውም እፎይ ብሎ ሳቀ። እሷም ሄደች።

በሰባተኛው ቅዳሜ በቃሬዛ መጣ። ተሸካሚዎቹ አፍንጫቸውን በነጠላ አስረዋል። ትኩሳቱ እያስለፈለፈው በሬዎቹን በስማቸው ይጣራል። ውበቱ ወደ በሩ ወጣ፤ አንዴ አየው፤ አንዴ አሸተተው። ከዚያ «ይሄማ የሆስፒታል ነው፤ ለምን አዘገያችሁት?» አለና ወደ ውስጥ ተመለሰ። ለምን አዘገያችሁት!

አምቡላንስ አስጠርታ፣ ግሉኮሱን ይዛ፣ ሦስት ሰዓት የፈጀውን የጠጠር መንገድ ከጎኑ ቁጭ ብላ የሄደችው እስከዳር ናት። ማርቆስ ሲደርሱ መግሉን ወስደው ላቦራቶሪ አስገቡት። በሦስተኛው ቀን አንድ ወጣት ሐኪም ወረቀት ይዞ አልጋው አጠገብ ቆመ። ማንጠግቦሽ ራስጌ፣ እስከዳር ግርጌ ነበሩ።

«አባቴ፣ ጀርሙን በመድኃኒት ሁሉ ሞከርነው» አለ ሐኪሙ። «የተወጉት አይገድለውም። የዋጡት አይገድለውም። ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የቀረን አንድ ነው፤ እሱም ደምዎ ውስጥ የገባውን ቢያቆምልን ነው እንጂ አጥንቱን አያድነውም። በሳምንት አንዴ የወጋዎት ማን ነው?»

«አላስታውስም» አለ የሺዋስ።

«ይሄ የሪፈር ወረቀት የተጻፈው ከአንድ ወር በፊት ነው።»

«የእርሻ ወራት ነበር።»

ሐኪሙ ወረቀቱን አጠፈው። «ያኔ ቢመጡ በሁለት እግርዎ ነበር የሚመለሱት» አለ። የዋህ ልጅ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ለሰው እንደማይነገር ገና አልተማረም። የሺዋስ ዓይኑን ጨፈነ። እግሩ በማግስቱ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

ማንጠግቦሽ እግሩን ስጡኝ አለች። አይሆንም ቢሏት፣ ቢያባርሯት፣ በር ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ በመጨረሻ በጨርቅና በላስቲክ ጠቅልለው ሰጧት። ሃያ ሦስት ዓመት ያጠበችውን እግር ጭኗ ላይ አድርጋ በአውቶቡስ አገሯ ይዛ ገባች። ደብሩ ላይ ደግሞ ክርክር ተነሣ። መሪጌታ ወልደ ሚካኤል መጽሐፍ ገልጠው፣ ጢማቸውን ዳብሰው፣ «ለእግር ብቻ ፍትሐት የለም፤ ባለቤቱ ሲመጣ አብሮ ይፈታል» ብለው ፈረዱ። እግሩ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ባለው ዋንዛ ሥር ያለ ጸሎት ተቀበረ። ማንጠግቦሽ ድንጋይ አኖረችበት።

የሺዋስ በጥቅምት፣ ጤፉን የሰው እጅ ዘርቶለት፣ የሰው እጅ አርሞለት፣ ሁለት ክራንች ይዞ ቀጨሞ ገበያ ላይ ከፈረስ ወረደ። ገበያው ዞሮ አየው። ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው ማን ነው? ዓለምነው! ሃያ ዓመት የጠበቃትን ቀን ከሩቅ አይቷት እየተጣደፈ፣ ዱላውን እየተመረኮዘ መጣ።

«እንኳን ደህና መጣህ የሺዋስ! እንግዲህ ቁጥር ታውቅ የለ፤ እግር አንድ ተኩል፣ ዱላ ሁለት፤ ሦስት ተኩል ሆንክልኝ። እኔን በለጥከኝ!»

ሰው ሳቀ። ሳቁ ክፉ አልነበረም፤ ደስታ ያለበት ሳቅ ነበር፤ ለዚህም ነው የባሰው። የሺዋስ አፉን ከፈተ፤ ምላሱ ግን እንደ እግሩ ቀርቶ ነበር። ቀጥሎ ደግሞ ጥያቄው መጣ፤ እህል ተራ፣ ጨው ተራ፣ ከብት ተራ፣ ሁሉም አንድ ጥያቄ ነው የሚጠይቀው። «ምን ሆነ? እንዴት ተቆረጠ?»

የሺዋስ መልሱን ያውቃል። ሐኪሙ በጆሮው ነግሮታል። ግን ያንን መልስ ቢናገር ስድስት ቅዳሜ ሙሉ በፈረስ እየወጣ፣ ሱሪውን እየፈታ፣ እየቀለደ፣ እግሩን በገዛ እጁ የቀበረ ጅል ነኝ ማለት ነው። የበሬውን ጫንቃ አድኖ የራሱን እግር ገደለ ይባላል። ዓለምነው ይህን ቢሰማ እስኪሞት ድረስ አያርፍም። ደግሞም ዙሪያውን የቆመው ሰው ሁሉ የዚያው መርፌ ደንበኛ ነው፤ ማንም ጅል ነህ መባል አይወድም። የሺዋስ ክራንቹን አስተካከለና በቀስታ፣ «ሰው አሟረተብኝ» አለ።

«ማ?»

«ታውቋት የለ። በስድስተኛው ቅዳሜ ይቆረጣል አለች፤ በሰባተኛው ቃሬዛ ላይ ነበርኩ። ማርቆስ የወሰደችኝም እሷ፤ ሲቆርጡኝ የቆመችም እሷ።»

አንዲትም ቃል ውሸት የለባትም። ሰው በሐዘኔታ ከንፈሩን መጠጠ። ማንም አልሳቀም። ያን ቀን የሺዋስ ከአምስት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ቆሞ ዋለ፤ ጠላ ጋበዙት፤ ቦታ ለቀቁለት።

ወሬው እግር አወጣ። እናቶች ልጆቻቸውን ከጤና ጣቢያው በር አራቁ፤ ክትባት ሲጠሩ የሚመጣ ጠፋ። በኅዳር ከወረዳ የመጡ ሰዎች በትምህርት ቤቱ አዳራሽ የሕዝብ መድረክ ጠሩ። ውበቱ ፊት ረድፍ ላይ፣ ሽበቱን አበጥሮ ተቀምጧል። እስከዳር በጎን በኩል፣ ማስታወሻ ደብተሯን ይዛ። ሰብሳቢው «አካሉ የጎደለው ወንድማችን ይናገር» አለ።

የሺዋስ በክራንቹ ተነሣ። እስከዳር አየችው። የምትለምነው ነገር ያለ አይመስልም፤ እውነቱን እንደሚናገር ሳትጠራጠር፣ እንደ ምስክሯ ነው ያየችው። ያ አስተያየት ከዓለምነው ስድብ ይልቅ ወጋው፤ አናደደውም።

«እኔ የተማርኩ አይደለሁም» አለ። «ዶክተር ውበቱ ጋ በእግሬ ገብቼ በእግሬ እወጣ ነበር። ይህቺ ልጅ እጅ ከገባሁ በኋላ ግን ይኸው እንደምታዩኝ ነኝ። ፍርዱን ለእናንተ።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ውበቱ አንገቱን ደፋ፤ ትሕትና የሚያውቅ ሰው ነው። ማንጠግቦሽ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ከረድፉ ተነሣች፤ የምትናገር መስሏቸው ሰዎች ዞሩ፤ እሷ ግን በሩን ከፍታ ወጣች፤ ወጣችና ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። የእስከዳር የዝውውር ደብዳቤ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ደረሰ። ወረዳው ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሪፖርት እንድትሞላ ነው፤ በሽተኛ አትነካም።

የሄደችበትም ቀን ቅዳሜ ነበር፤ አውቶቡስ የሚመጣው ቅዳሜና ሰኞ ብቻ ነውና። ሻንጣዋን ይዛ መናኸሪያው ላይ ቆማ ሳለ የሺዋስ በፊቷ ሲያልፍ አየችው። የሚሸሽበት እግር የለውም።

«ደህና ነዎት አያ የሺዋስ? ቁስሉ እንዴት ሆነ?»

ክራንቹን አንሥቶ ሊያልፋት ሞከረ። እሷ ግን ጎንበስ ብላ፣ የታጠፈውን ሱሪውን ከፍ አድርጋ፣ የተሰፋውን ጫፍ በጣቷ ዳሰሰችው። ዳር ዳሩ ቀልቶ ነበር፤ ይሞቃል። ጣቷን ያነሣችበት ቦታ ላይ ትንሽ ፈሳሽ ቀረ።

«ይሄ ጀምሯል» አለችው በዝግታ፣ ሰው እንዳይሰማ። ስለ አፏ ተምራለች። «መርፌ እንዳይወጉ። ሰኞ ጠዋት ማርቆስ ይሂዱ፤ ያ ሐኪም ያውቅዎታል፤ የሚሠራውን አንዱን መድኃኒት ያውቀዋል። በየቀኑ ነው የሚሰጥዎት፤ ተኝተው። ይሄዳሉ?»

«እሄዳለሁ» አለ የሺዋስ።

«ይማሉልኛል?»

«ማርያምን።»

አውቶቡሱ ጡሩምባውን ነፋ። ገባች፤ መስኮቱ ላይ ተቀመጠች፤ እጇን አወዛወዘች። እሱም ክራንቹን ብብቱ ሥር አድርጎ እጁን አነሣ። አቧራው እስኪበርድ ቆመ። ሰኞ እህል መውቂያ ነው። ማክሰኞም። ማርቆስ መሄዱን ደግሞ ዓለምነው ከሰማ፣ የቀረውን ሊቆርጡለት ሄደ ይላል። ዛሬ ግን ቅዳሜ ነው፤ ሰማያዊው በር ደግሞ ከመናኸሪያው መቶ እርምጃ አይሆንም።

ሰልፉ እስከ እህል ተራው ተዘርግቶ ነበር። የሺዋስ ሲደርስ ሰዉ ራሱ ተከፈለለት። «አሳልፉት እንጂ! ቆሞ ይጠብቃል እንዴ?» አለች አንዲት ሴት። «ቅድሚያ ለሱ ነው» አሉ ሌሎችም፤ ክንዱን ይዘው፣ ክራንቹን ተቀብለው፣ አግዳሚውን አሻግረው እስከ ውስጠኛው ክፍል አደረሱት። የሺዋስ በሰልፉ ሁሉ ፊት ሲያልፍ ደስ አለው።

«ዛሬ ደግሞ በየትኛው ጎን ይሁን?» አለው ውበቱ፣ ብልቃጡን እያናወጠ።

«በፈለጉት ዶክተር» አለና የሺዋስ በአንድ እጁ ግድግዳውን ይዞ፣ በሌላው መቀነቱን ይፈታ ጀመር።